እራት ከማን ጋር ትበያለሽ?

የአምናው የገና ዕለት ነው። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ከጣራ ገዳም ግርጌ ባለችው አዲስ ዘመን፣ እኔ ቤት ተሰብስበዋል። የጾም ፍቺው ዶሮ ተበልቶ ቡና ተፈልቷል። የቤቱ ሰው ሁሉ ግን የሚያየው የመጀመሪያዋን የልጅ ልጄን ስልክ ነው። ልጅቱ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በምግብ ምህንድስና ተመርቃለች። የሃንጋሪ መንግሥት በየዓመቱ ለሚሰጠው «ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም» ለተባለው ስኮላርሺፕ ልታመለክት፣ ለማስተርስ፣ ቅጹን ሞልታ ጨርሳለች። ማመልከቻው የሚዘጋው ጥምቀት ሳይደርስ ነው። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምትፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ። ቡዳፔስት ይቅደም ወይስ ደብረጸን?

«ደብረ ማን?» አልኩ። የሆነ ደብር መስሎኝ «የማን ታቦት ነው ያለበት?» ብል ሁሉም ሳቁብኝ። ለካ የሃንጋሪ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት፤ ከዋና ከተማዋ ከቡዳፔስት በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ክርክሩ ቀጠለ። እናቷ «ዋና ከተማ እያለ ገጠር ምን አገባት?» አለች። አጎቷ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር የትኛው እንደሚበልጥ ይፈልግ ጀመር። ትንንሾቹ በዳንዩብ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ የሌሊት ፎቶ እየተቀባበሉ ያያሉ። ልጅቱም ልቧ ወደ ቡዳፔስት አጋድሏል። በዚህ መሃል ከደብረ ታቦር ለበዓል የመጣው ታናሽ ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠና፣ «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ እራት ከማን ጋር ትበያለሽ?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው ጋሼ?» አለችው እየሳቀች። እሱ አልሳቀም።

የወንድሜ ደብዳቤዎች

ወንድሜ በ1975 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ሲሄድ ዕድሜው 19 ነበር። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ የእኛ ልጆች ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያና ወደ ኩባ ይላኩ ነበር። ወንድሜን የት ከተማ መማር እንደሚፈልግ የጠየቀው አልነበረም። አባታችን በግ አርዶ ሸኘው። በ1978 ዓ.ም. ያለ ዲግሪ ተመለሰ። ሰፈሩ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ «መጠጥ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሴት አጥፍታው ነው» ይላል። አባታችን አንገቱን እንደደፋ ሞተ። ወንድሜም በመጋዘን ሠራተኛነት ኖሮ ጡረታ ወጣ። ስለዚያ አገር አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

በገና ዕለት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ተናገረ።

«የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ነበር። አንድ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ሐበሻ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ የድንች ወጥ ሠርተን በዳቦ እንበላ ነበር። በፈተናው ከሁሉም ሁለተኛ ወጣሁ። ዓመቱ ሲያልቅ በየትምህርት ዓይነታችን በተኑን። እኔ የደረሰኝ ከተማ ሐበሻ የሚባል አልነበረበትም። ጭንቅላቴ ያው ነው፤ ቋንቋውንም አውቄዋለሁ። አንድ ክረምት ትኩሳት ይዞኝ አራት ቀን ተኛሁ። በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ከተነሣሁ በኋላ ለብቻዬ መብላት አስጠላኝና እራት ተውሁ። ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀጥሎ ክፍል መግባት ተውሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍህልንም?» አልኩት።

«እትዬ፣ ደብዳቤዬን አባባ ጎረቤት ሰብስቦ ያስነብበው አልነበር? ‹ጠፍቻለሁ› ብዬ ለማን ልጻፍ?»

እውነቱን ነው። አባታችን ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤው ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ ተማሪ ልጅ ይጠራል፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይሰማል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «እኔ በጣም ደኅና ነኝ» ብለው ይጀምሩና በዚያው ያልቁ ነበር።

እኔ በተመለሰ ጊዜ ነርስ ሆኜ ሥራ ከያዝሁ ቆይቻለሁ። ከስቶ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያድር አይቼዋለሁ። እንዲህ የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ቢመጣ ካርድ አውጥቼ፣ አስቀምጬ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እጠይቀው ነበር። ወንድሜ ስለሆነ ግን «ሰነፍህ» አልኩት። ይህን ቃል በገና ዕለት ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። ለአንባቢም የምነግረው ሌላው ቤተሰብ እንዳይደግመው ብዬ ነው።

የደብረ ታቦሩ ልጅ

ነገሩ ለእኛ ለደብረ ታቦር ሰዎች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ደብረ ታቦር ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሲወስዱት ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያው ጉዞ በመንገድ ላይ ዐረፉ። እሱ እንደ ዛሬ ልጆች በምርጫው አልሄደም፤ ተማርኮ ነው የተወሰደው። የሆነበት ነገር ግን ለማንኛውም ልጅ ላኪ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ያሳደገው አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የተባለ መኮንን ነበር። ልጁም ከእሱ አልለይም ይል ነበር። ቆይቶ ግን ትምህርቱ ይበልጣል ተብሎ ከስፒዲ ተለየ። ከዚያ የገባባቸው ትምህርት ቤቶች እንግሊዞች ለገዛ ልጆቻቸው የሚመኟቸው ናቸው፤ በመጀመሪያ ቼልተንሃም፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 ሊድስ በተባለች ከተማ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ያዘኑት፣ ልጁ አንድ የራሱ ሰው ሳይኖረው በባዕድ አገር መሞቱን ጽፈው ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ስም ትልቅ ነበር። ጎደለ የምንለው ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ምን ብለን ጠየቅን?

ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ የልጅ ልጄ በሁለቱም ከተሞች የሚማሩ ኢትዮጵያውያንን በቴሌግራም ታፈላልግ ጀመር። እኔም አንድ ነገር አስጠነቀቅኋት። በሕክምና ሥራ «ትበላለህ?» ብለው የጠየቁት በሽተኛ ሁልጊዜ «አዎ» ነው የሚለው። «ትናንት ማታ ምን በላህ? ማን ሠራው?» ሲባል ነው እውነቱ የሚወጣው። ስለዚህ «ከተማው ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ያለፈው እሑድ የት ዋልሽ? ከማን ጋር?» በይ አልኳት።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የት ታድራለች?» የሚል ነበር። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ሲባል ሁሉም የተሟላ መስሎን ነበር። ሲዘረዘር እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ የትምህርት ክፍያ የለም፤ የጤና መድን አለ፤ ለማስተርስ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል፤ ይህም እሷ ባመለከተችበት ጊዜ ወደ 110 ዩሮ ገደማ ነው። ለመኖሪያ ወይ የዩኒቨርሲቲው ዶርም፣ ወይ በወር 40,000 ፎሪንት ድጎማ ይታሰባል። የአውሮፕላን ትኬት የለበትም። ገንዘቡ ለኑሮ መደጎሚያ እንጂ ሙሉ መተዳደሪያ ስላልሆነ ቤተሰብ የሚጨምረውን ከወዲሁ ማሰብ አለበት።

ታዲያ ዶርምና ኪራይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። ቡዳፔስት የሚማረው ልጅ እንደነገራት፣ ዶርም ስላላገኘ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሰዓት ርቆ ክፍል ተከራይቷል፤ ድጎማው ለኪራዩ አይበቃም። ክፍል ይገባል፣ ይወጣል፣ ባቡር ይይዛል። ጓደኞች አሉት፤ የሚያገኛቸው ግን በወር አንዴ ነው። ደብረጸን ያለችው ልጅ የምታድረው ዶርም ነው። ማእድ ቤቱ የጋራ ስለሆነ ማንም ሽንኩርት ሲያቁላላ ሌላው ይወጣል። «ቅዳሜ ማታ ሦስት ሐበሾች፣ አንዲት ኬንያዊትና አንድ የሞንጎልያ ልጅ አብረን በላን» አለች። እሷም ቢሆን ጉድለቱን አልደበቀችም። ሃንጋሪኛ ለማያውቅ ሰው የትርፍ ሰዓት ሥራ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተማዋም ማታ ቶሎ ትተኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄያችን «ማን አለ?» ነው። በከተማው ስንት ኢትዮጵያዊ አለ ማለት ብዙ አይጠቅምም። በእግር በሚደረስበት ቦታ ስንት አለ የሚለው ይጠቅማል። ሺህ ሐበሻ ቢኖርና ሁሉም በየሥራው ቢሮጥ፣ ልጅ ትኩሳት ሲይዛት ማን ያንኳኳል? በሌላ በኩል ከሐበሻ ጋር ብቻ መዋልም ጉዳት አለው። ቋንቋ አይሻሻልም፤ ሰው አይታወቅም። በሃንጋሪው ስኮላርሺፕ ለአዲስ ገቢ የሚመደቡ ነባር ተማሪዎች አሉ፤ «ሜንተር» ይባላሉ። ገና ሳይሄዱ የሜንተሩን ስልክ መያዝ ይቻላል። የልጅ ልጄን ከባቡር ጣቢያ ወስዳ ዶርም ያስገባቻት እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

ሦስተኛው ጥያቄ ወንድሜ ያመጣው ነው፤ «የቋንቋው ዓመት ሲያልቅ ወዴት ትሄዳለህ?» የእኛ ልጅ የምትማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አይመለከታትም። በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በቱርክኛ፣ ወይም በቻይና በቻይንኛ ለሚማሩ ልጆች ግን የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦታ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። በአንድ ዓመት የተገኘ ወዳጅ በአንድ ቀን ሊበተን ይችላል። ወላጅ ልጁ በደኅና ገባ ብሎ ልቡን የሚጥልበት ያ ጊዜ እንደገና መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት ነው።

አራተኛው የክረምቱ ነገር ነው። በሃንጋሪ በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሆን ፀሐይ ትጠልቃለች። እኛ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያለን ሰዎች ይህን ከወፍራም ካፖርት ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ጨለማ ግን እንቅልፍንና ስሜትን ይነካል። ጠቆር ያለ ቆዳ በደካማ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በጣም ትንሽ ስለሆነ እዚያ ያለ ሐኪም ማማከር ጥሩ ነው። የልጅ ልጄን ቀን ብርሃን ሳለ በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ አዝዣታለሁ። የደብረጸን ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ «ታላቁ ደን» ከሚሉት ጫካ አጠገብ ነው ስትለኝ ደስ አለኝ። የጣራ ገዳምን ጥድና ወይራ እያየች ያደገች ልጅ እዚያም የዛፍ ጥላ አታጣም ማለት ነው።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ከመሄድ በፊት የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ አገር ቤት አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ከኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባል። ለደላላ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ደግሞ እዚያው ከሚማር ሰው ጋር በቪዲዮ መነጋገር ነው። አንዲት የማውቃት እናት መሬቷን አከራይታ ለደላላ ከፈለች። ልጇ ሄዶ ያገኘው «ዩኒቨርሲቲ» ግን ከሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ ደብረጸንን አስቀደመች። ሁሉም ልጅ እንዲህ ያድርግ ማለቴ አይደለም። ሰው የሚቀርብ፣ አጎት ወይም የቅርብ ዘመድ ቡዳፔስት ያለው፣ ሥራ እየሠራ መማር የሚፈልግ ልጅ ዋና ከተማዋ ትሻለው ይሆናል። ከተማው እንደ ልጁ ጠባይ ነው። እኛ የምናውቃት ልጅ ግን ዝምተኛ ናት። ችግር ሲገጥማት በሯን ዘግታ የምትቀመጥ ስለሆነች፣ ያለ ቀጠሮ ሰው የሚያጋጥማት ቦታ ያስፈልጋታል።

ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶች

ልጅ ከሄደ በኋላስ? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉ ነገር አዲስ ስለሆነ በደስታ ያልፋሉ። ናፍቆቱ የሚከብደው አዲስነቱ ሲያልቅ ነው፤ ወደ አውሮፓ በመስከረም ለሄደ ልጅ ይህ የሚገጥመው ብርዱና ጨለማው በሚጀምርበት ወቅት ነው። መናፈቅ በሽታ አይደለም። የሚከተሉትን ከሁለት ሳምንት በላይ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፦

ድምፅ ብቻ እንጂ ቪዲዮ አልከፍትም ማለት ከጀመረ፤ በእኛ ሰዓት ሌሊት ሁሉ ነቅቶ ቀን ከተኛ (ሃንጋሪ በክረምት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ናት)፤ የጓደኛ ስም መጥራት ካቆመ፤ ስለ ትምህርት ሲጠየቅ ከተቆጣ፤ ወይም መልሱ ሁልጊዜ ያው «ደኅና ነኝ» ከሆነ። መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት አጠገቡ ያለ ሰው እንዲደርስለት መደወል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎች የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጡበት ክፍል አላቸው። እዚያ መሄድ እብደት አይደለም፤ ጥርስ ያመመው ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄደው ያለ ነው።

ይህን ለማድረግ ግን ወላጅ እጅ ላይ ስልክ መኖር አለበት። የልጅ ልጄ ስትሄድ የሁለት ሰው ቁጥር ተቀበልኋት፤ የክፍል አጋሯንና የሜንተሯን። በግድግዳዬ ላይ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

እሑድ ማታ

ከሻንጣዋ ጋር ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ይዛ በመስከረም ሄደች። በኅዳር አንድ ማታ ደወለችና «እምዬ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልሁ» አለችኝ። ልቤ ደነገጠ፤ ግን ደግሞ ነገረችኝ ብዬ ተጽናናሁ። ወንድሜ በሦስት ዓመት ያልጻፈውን እሷ በሁለት ወር ተናገረችው።

«እራትሽን በላሽ?» አልኳት።

«በላሁ። ከክፍሌ ልጅ ጋር ሽሮ ሠርተን። እሷ በእንጀራ ፋንታ በሩዝ በላችው፤ አንቺ ብታዪ ትስቂ ነበር» ብላ እሷም ሳቀች።

አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬ ቤተሰብም እንደ አባታችን ነው። ልጅ ሲደውል ስልኩን ድምፅ ከፍተን ለቤቱ ሁሉ እናሰማለን፤ ፎቶውን ለዘመድ እንልካለን፤ «ልጃችን እኮ አውሮፓ!» እንላለን። ልጁም ያንን ያውቃልና ደስ የሚለውን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚሄድ ልጅ ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ የሰማውን ለሌላ የማያወራ፣ የማይፈርድ።

በእኛ ቤት ይህን ሥራ የያዘው ወንድሜ ነው። እሑድ ማታ ማታ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ደብረ ታቦር ከሚገኘው ቤቱ በረንዳ ላይ ወጥቶ ከእሷ ጋር ይነጋገራል። አንዳንዴ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል። ምን እንደሚያወሩ እናቷም እኔም አንጠይቅም። እሱም ሲጨርስ «ደኅና ናት» ብሎ ብቻ ይደውልልኛል። እሱ ሲለው አምናለሁ።

ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ለምትልኩ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ከደግ ሰው ያገናኛቸው። ቸር ሰንብቱ።